የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ዶን ዊሊያምስን በልኩ ማድመጥ

አዲስ አበባ ውስጥ የአሜሪካዊውን የካንትሪ ሙዚቃ ድምፃዊ የዶን ዊሊያምስን ስም የማያውቅ ሰው እንኳ ድምፁን ያውቃል። ካፌ ቁጭ ብሎ፣ ታክሲ ውስጥ ወይም ቤቱ ሬዲዮ ከፍቶ ሰምቶታል። ችግሩ አብዛኞቻችን የለመድነው የቅጂ ቅጂውን መሆኑ ነው፤ ከካሴት ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ስልክ ሲገለባበጥ የመጣውን። እንዲህ ሲንከባለል ፍጥነቱ ይዛባል፣ ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል፣ የደራሲው ስምም በመንገድ ይቀራል። የዚህ ሰው ሙዚቃ ጥቂት መሣሪያና ብዙ ክፍት ቦታ ያለው ስለሆነ እንዲህ ያለውን ጉዳት ጨርሶ አይደብቅም። ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚከተሉትን የመረጥነውም ለዚሁ ነው። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የአገራችን አዋጅ ቁጥር ብቻ በእኛው ዘመን አቆጣጠር ተጽፏል።

ጥያቄ፦ ሁለት ጓደኛሞች ነን። እኔ ዶን ዊሊያምስ ዘፈኖቹን ራሱ ይደርሳል እላለሁ። ጓደኛዬ ደግሞ ሌሎች የጻፉለትን ነው የሚዘፍነው ብሎ ድርቅ ብሏል። ዳኙን። (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ጓደኛዎ ወደ እውነቱ ይቀርባሉ፤ እርስዎም ግን ጨርሰው አልተሳሳቱም።

ዶን ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. ግንቦት 27 ቀን 1939 ቴክሳስ ውስጥ ፍሎይዳዳ በምትባል ከተማ ተወለደ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ፖዞ ሴኮ ሲንገርስ ከሚባለው የፎክ ቡድን አባላት አንዱ ሆነ፤ ቡድኑም በ1966 «ታይም» በሚለው ዘፈን ታወቀ። በ1970 ቡድኑ ሲበተን ዶን ናሽቪል ገባና በጃክ ክሌመንት የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ውስጥ ተቀጠረ። የተቀጠረው በዘፈን ደራሲነት ነው፤ በድምፃዊነት አይደለም። ስለዚህ «ራሱ ይደርሳል» ማለትዎ መሠረት አለው። ለብቻው ሆኖ በአሜሪካ የካንትሪ ሰንጠረዥ ውስጥ የገባበት የመጀመሪያ ዘፈን «ዘ ሼልተር ኦፍ ዮር አይስ» የራሱ ድርሰት ነው፤ በ1973 መጀመሪያ እስከ 14ኛ ደረጃ ወጥቷል። «ሌይ ዳውን ቢሳይድ ሚ» የእሱ ነው። በ1980 አንደኛ የወጣው «ላቭ ሚ ኦቨር አጌን» የእሱ ነው። በ1976 አንደኛ የሆነውን «ቲል ዘ ሪቨርስ ኦል ረን ድራይ» ደግሞ ከዌይላንድ ሆሊፊልድ ጋር ጽፎታል።

ነገር ግን በካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ የወጡለት ዘፈኖች 17 ናቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ የሌሎች ብዕር ውጤቶች ናቸው። ከሁሉ በፊት መጠራት ያለበት ቦብ ማክዲል ነው። «አማንዳ»፣ «ካም ኧርሊ ሞርኒንግ»፣ «ሴይ ኢት አጌን»፣ «ኢት መስት ቢ ላቭ» የማክዲል ናቸው። በአገራችን በጣም የሚወደደው «ዩር ማይ ቤስት ፍሬንድ» (1975) እና «ሰም ብሮክን ሃርትስ ኔቨር ሜንድ» (1977) የዌይላንድ ሆሊፊልድ ናቸው። «ቱልሳ ታይም»ን የጻፈው የራሱ የዶን ጊታር ተጫዋች ዳኒ ፍላወርስ ነው። «አይ ቢሊቭ ኢን ዩ» (1980) የሮጀር ኩክና የሳም ሆጊን ሥራ ሲሆን፣ ኩክ እንግሊዛዊ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ብንጨምር ይፈቀድልን። የራሱን ዘፈን መጻፍ የሚችል ሰው የሌላውን መርጦ መዝፈኑ ትልቅ ችሎታ ነው። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው የማክዲል «ጉድ ኦል ቦይስ ላይክ ሚ» ነው። ዘፈኑ የአንድ የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ልጅ አስተዳደግ ነው፦ አባትየው ትንፋሹ ጂን እየሸተተ፣ እጁ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ልጁን ሊስም ወደ መኝታ ክፍሉ ይገባል። ድምፃዊው አባትየውን አይከስም፣ አያሽሞነሙንም፤ ያየውን ተናግሮ ያልፋል። ዘፈኑ በ1980 ሁለተኛ ደረጃ ላይ ቆመ እንጂ አንደኛ አልወጣም። በእኛ ግምት ግን ከቀረጻዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ይኸው ነው። ሌላ ድምፃዊ ቢሆን የአባትየው ስንኝ ላይ ድምፁን ያንቀጠቅጥ ነበር።

ወደፊት ክርክር ሲነሳ ራስዎ ዳኛ መሆን ይችላሉ። ሸክላው ወይም ካሴቱ መሃል ላይ በተለጠፈው ወረቀት፣ ከዘፈኑ ርዕስ ሥር በቅንፍ ውስጥ በትንሽ ፊደል የሚገኘው ስም የደራሲው ነው። በስልክ መተግበሪያዎች ላይ ደግሞ የዘፈኑን ዝርዝር መረጃ ሲከፍቱ የደራሲዎቹን ስም ለብቻው የሚያሳዩ አሉ። ከርዕሱ አጠገብ በትልቁ የሚታየው ስም የድምፃዊው ስለሆነ በእሱ አይሸወዱ።

ጥያቄ፦ አጎቴ ከአሜሪካ የሸክላ ማጫወቻ አምጥቶልኛል። ትራንስፎርመር ገዝቼ 220ውን ወደ 110 ዝቅ አድርጌ ነው የማጫውተው። ዶን ዊሊያምስ ሲዘፍን ግን እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ይጎተታል፤ ድምፁም ስልኬ ላይ ካለው በጣም ይወፍራል። ጥገና ቤት ቀበቶው ረግቧል ብለው ቀየሩልኝ፤ ምንም ለውጥ የለም። (ከፒያሳ)

መልስ፦ ጥፋቱ የቀበቶው አይመስለንም። ትራንስፎርመር ቮልቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ፍሪኩዌንሲውን (መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ በኸርዝ የሚለካውን) ግን አይነካም። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ 50። ብዙ የቆዩ ማጫወቻዎች ሞተራቸው ፍጥነቱን የሚወስደው በቀጥታ ከመብራቱ ኸርዝ ነው። ስለዚህ 60 ላይ እንዲዞር የተሠራው ሞተር 50 ላይ ሲገባ ከስድስት እጅ አንዱን ፍጥነት ያጣል። በደቂቃ 33 ከአንድ ሦስተኛ ጊዜ መዞር ያለበት ሸክላ 28 ጊዜ እንኳ አይሞላም። ዜማው ከሦስት ግማሽ ቶን ትንሽ ያለፈ ዝቅ ይላል፤ የ3 ደቂቃ ዘፈን 3 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ይፈጃል። ዶን ዊሊያምስ ከመጀመሪያውም ወፍራም ድምፅ ስላለው ጆሮ ቶሎ አይጠራጠርም። የሴት ድምፅ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ስንኝ ያውቁት ነበር።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ቆጥረው ያረጋግጡ። ሸክላው ጠርዝ ላይ ትንሽ ነጭ ወረቀት ይለጥፉ፤ መርፌው ሸክላው ላይ እያለ፣ በስልክዎ ሰዓት ይዘው 3 ደቂቃ ሙሉ ይቁጠሩ። ልክ ከሆነ 100 ጊዜ ይዞራል። 83 አካባቢ ከመጣ ችግሩ ያልነው ኸርዝ ነው። 95 ወይም 97 ከሆነ ግን ቀበቶ ረግቧል ወይም የሞተሩና የመሃል ዘንጉ ዘይት ደርቋል። ቁጥሩ አንዴ 98 አንዴ 94 እያለ የሚዋዥቅ ከሆነ ቀበቶው ይንሸራተታል ማለት ነው፤ ሞተሩ ላይ ያለችውን መንኮራኩርና የቀበቶውን ውስጠኛ ጎን በአልኮል ጠርገው እንደገና ይቁጠሩ።

83 ከመጣ ሦስት መንገድ አለዎት።

አንደኛው ሞተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ መንኮራኩር በ20 በመቶ ወፈር ባለች መቀየር ነው። አንዳንድ ፋብሪካዎች ለ50 ኸርዝ አገሮች የተለየች መንኮራኩር ይሠሩ ነበር፤ የሞዴሉን ቁጥር ይዘው ይፈልጉ። ካጡ ቶርኖ ቤት በነሐስ ማስወጣት ይቻላል። አሮጌዋን አስፈትተው በካሊፐር ያስለኩ፤ ለ33ቱም ለ45ቱም ያሉት ሁለት ደረጃዎች እያንዳንዳቸው በ1.2 ይባዙ። እዚህ ላይ የሚያበላሸው ሁለት ነገር ነው። በ10 ሚሊ ሜትር ላይ የ0.1 ሚሊ ሜትር ስህተት ፍጥነቱን 1 በመቶ ያዛባል። ከዚያ የባሰው ቀዳዳው ከመሃል ከወጣ ነው፤ ያኔ ድምፁ እየተንሳፈፈ ይወጣል፣ ረጅም የጊታር ኖታ ላይ በደንብ ይሰማል። ሥራውን ሲሰጡ ቀዳዳውና ውጭው ዙሪያ በአንድ ጊዜ ማሰሪያ፣ ሳይፈታ እንዲወጡ አጥብቀው ይንገሩ። አሮጌዋንም አይጣሉ።

ሁለተኛው፣ ለመስማት ብቻ ሳይሆን ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ ከሆነ የሚፈልጉት፣ እንዳለ በዝግታ ይቅዱትና ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፍጥነቱን በ1.2 ያባዙት። የወፍራምና የቀጭኑ ድምፅ ሚዛን ትንሽ ይቀየራል፤ ለቤት ማድመጫ ግን በቂ ነው።

ሦስተኛው በባትሪ ዓይነት መብራት ወይም በአዳፕተር የሚሠራ ሞተር ያለው ማጫወቻ መፈለግ ነው። ከጀርባው የተለጠፈውን ያንብቡ፦ «120 ቮልት 60 ኸርዝ» ብቻ የሚል ከሆነ ይጠርጥሩ፤ «50/60» ካለ ወይም 12 ቮልት አዳፕተር ካለው አያሰጋም። ይህ እስኪሆን ድረስ አሁን ያለዎትን ለረጅም ሰዓት አያስሩት። የ60 ኸርዝ ሞተር 50 ላይ ሲሠራ ይሞቃል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እጅዎን አላስቀምጥ ካለ ያጥፉት።

ጥያቄ፦ እኔ ቤት ያለው የዶን ዊሊያምስ ሸክላ «ኤቢሲ ዶት» ይላል፣ የጎረቤቴ «ኤምሲኤ»። አንዱ ፎርጂድ ነው? (ከሜክሲኮ አደባባይ)

መልስ፦ ሁለቱም እውነተኛ ሊሆኑ ይችላሉ። መጀመሪያ ያስቀረጸው ጄኤምአይ በሚባለው በጃክ ክሌመንት ኩባንያ ነው፤ ከ1974 ጀምሮ ኤቢሲ ዶት ወሰደው፤ በ1978 «ኤክስፕሬሽንስ» ሲወጣ ዶት የሚለው ስም ቀርቶ ኤቢሲ ብቻ ነበር። በ1979 ኤምሲኤ ኤቢሲን ጠቀለለው፤ የቆዩ አልበሞችንም በራሱ ስም እንደገና አሳተመ። ስለዚህ አንድ ዓይነት አልበም ከሆነ የእርስዎ ቀዳሚ ኅትመት ነው። በ1986 ወደ ካፒቶል፣ በ1989 ወደ አርሲኤ ሄዷል። ጄኤምአይ የሚል ጽሑፍ ያለው ሸክላ ካጋጠምዎ አይልቀቁት።

ጥያቄ፦ አባቴ ትቶልን የሄደ ሁለት ካርቶን ካሴት አለ፤ አብዛኛው ካንትሪ ነው። ወደ ኮምፒውተር ልገለብጠው ስሞክር ድምፁ ብርድ ልብስ የተሸፈነ ይመስላል። አንዱ ካሴት ላይ ያለው ዘፈን ደግሞ ከጊታሬ ጋር አልገጥም ብሎኛል፣ በኪዎቹ መሃል የወደቀ ነው። (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ከማጫወትዎ በፊት ካሴቱን ብርሃን ላይ አድርገው ይዩት። ክሩ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ ክረምት እርጥብ ግድግዳ አጠገብ የቆየ ካርቶን ውስጥ ይገኛል። እሱን ማጫወቻ ውስጥ ካስገቡ የሌሎቹንም ካሴቶች ያስይዛሉ፤ ለብቻ ያስቀምጡት። ቀጥሎ ከፊት ለፊት፣ ክሩ በሚያልፍበት መስኮት መሃል የምትታየውን ትንሽ የጨርቅ ትራስ ይፈልጉ። የእሷ ሥራ ክሩን ድምፁን በሚያነበው የማጫወቻው ጭንቅላት ላይ መጫን ነው። በዕድሜ ብዛት ሙጫዋ ይለቅና ትወድቃለች፤ ያኔ ቀጭን ድምፅ ይጠፋል፣ አንዱ ጎን ይመጣል ይሄዳል። ካሴቱ በአምስት ብሎን የታሰረ ከሆነ ፈትተው ሁለቱን ጥቅልሎች ወደ ሌላ ጤነኛ ልባስ ያዛውሩ። ሲፈቱ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ይሁን፤ ቆሞ ከተከፈተ ጥቅልሉ ይዘረገፋል። ከዚያ በፊት ግን ክሩ በየትኞቹ መንኮራኩሮች በኩል እንደሚያልፍ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ።

ማጫወቻውን ያጽዱ። በጥጥ እንጨት 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ነክረው ጭንቅላቱንና ክሩን የምትጎትተውን ቀጭን የብረት ዘንግ ጥጡ ቡናማ መሆኑ እስኪያቆም ይጥረጉ። ላስቲኩን መንኮራኩር ግን በትንሽ ሳሙና ውሃ፤ አልኮል ሲደጋገምበት ያደርቀዋል። ቤንዚንና ሽቶ አይሞከርም። ከዚያ ካሴቱን ሳያጫውቱ እስከ ጫፍ ወደፊት ያሂዱት፣ እስከ ጫፍ ይመልሱት። ለዓመታት ሳይነካ የተቀመጠ ክር እርስ በርሱ ስለሚያያዝ ይህን ሳያደርጉ ማጫወት ድምፁን ያንቀረፍፈዋል።

አሁን ብርድ ልብሱን እንግፈፈው። ከጭንቅላቱ ጎን፣ ከሥሯ ስፕሪንግ ያላት ብሎን አለች፤ የጭንቅላቱን ዘንበል ማለት የምታስተካክለው እሷ ናት። ካሴቱ የተቀዳበት ማሽንና የእርስዎ ማሽን ዘንበላቸው ካልገጠመ ቀጭን ድምፅ ይሞታል። አባትዎ ዘመን የተገለበጡ ካሴቶች ደግሞ እያንዳንዱ በሌላ ማሽን የተቀዳ ነው። ብሎኗ የነበረችበትን ቦታ በቀለም ነጥብ ምልክት ያድርጉ፤ የድራሙን ሳህን ወይም የጊታሩን ጥፍር የሚያሰማ ቦታ እያጫወቱ በትንሽ ካቻቢቴ ቀስ እያሉ ያዙሩ። ከሩብ ዙር በላይ አያስፈልግም። ሁለቱን ጎን ወደ አንድ፣ ወደ ሞኖ ቀይረው ቢሰሙ ይበልጥ ይቀላል፤ ቀጭኑ ድምፅ ድንገት ብሩህ የሚሆንበት አንድ ቦታ አለ፣ እዚያ ላይ ይተዉት። ይህ ለየካሴቱ ይደገማል፤ ያሰለቻል፣ ግን ከየትኛውም የኮምፒውተር ማጣሪያ ይበልጣል። ዶልቢ የሚለውን የሹክሹክታ መቀነሻ ቁልፍ ፋብሪካ አትሞት ምልክቱ ላለው ካሴት ብቻ ይክፈቱ፤ ቤት የተገለበጠውን በዶልቢ ካጫወቱት ራስዎ ሌላ ብርድ ልብስ ደረቡበት ማለት ነው።

ገመዱን ከማጫወቻው «ላይን አውት» አውጥተው በዩኤስቢ የድምፅ መቀበያ በኩል ያስገቡ። የላፕቶፕ የማይክ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ አንድ ጎን ብቻ ነው፣ ለደካማ ድምፅ የተሠራ ስለሆነም ድምፁን ያሰነጥቀዋል። 48 ኪሎ ኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ዌቭ ፋይል ላይ ያድርጉ፤ ከፍተኛው ድምፅ ከ−6 ዴሲቤል እንዳያልፍ። እንዲህ ሲቀዳ ደቂቃው 17 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ ባለ 90 ደቂቃ ካሴት አንድ ጊጋባይት ተኩል ገደማ ነው። የሹክሹክታ ማጥፊያውን ከፈለጉ በኋላ በኮፒው ላይ ይሞክሩት፤ ዋናውን እንዳለ ያስቀምጡ። ዶን ዊሊያምስ ላይ ጠንከር አድርጎ ማጽዳት ከድምፁ ጋር የሚወጣውን ትንፋሽ አብሮ ይበላዋል።

ጊታርዎ ያልገጠመው ካሴቱ በሌላ ፍጥነት ስለተቀዳ ነው። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር መሄድ አለበት። በዚህ ላይ የ6 በመቶ ልዩነት ግማሽ ቶን ያህል ነው፤ 3 በመቶ ከሆነ ደግሞ በሁለት ኪዎች መሃል ይወድቃል፣ የእርስዎም ይህ ይመስላል። ያንኑ ቀረጻ ከኩባንያው የወጣውን ፈልገው የሁለቱን ርዝመት በሰከንድ ያወዳድሩ። ለምሳሌ ትክክለኛው 180 ሰከንድ፣ የእርስዎ 175 ከሆነ፣ 175ን ለ180 አካፍለው ባገኙት 0.972 ፍጥነቱን ያባዙ። ኦዳሲቲ ውስጥ ፍጥነትን የሚቀይረውን ይምረጡ፤ ቃናን ብቻ የሚቀይረው ርዝመቱን እንዳለ ይተወዋል፣ ዘፈኑም አይድንም። ሲለኩ ዘፈኑ እየደከመ የሚያልቅበትን ጭራ አይቁጠሩ፤ ከመጀመሪያው የጊታር ምት እስከ መጨረሻው የተዘፈነ ቃል ይያዙ።

ጥያቄ፦ ሆቴል ውስጥ በሦስት ሰው ባንድ እንጫወታለን፤ ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም። የዶን ዊሊያምስን ዘፈን እንግዶች ይጠይቁናል። ኮርዱ ቀላል ነው፣ ስንጫወተው ግን ሌላ ነገር ይሆናል፤ ወይ ይፈጥናል ወይ ይከብዳል። ምን ጎደለን? (ከአምባሳደር አካባቢ)

መልስ፦ የተጨመረ ነገር ነው እንጂ የጎደላችሁ አይመስለንም። ቀረጻዎቹን በጆሮ ማዳመጫ ስሙና እያንዳንዱ መሣሪያ የማይጫወትበትን ቦታ ቁጠሩ።

ቤዙ በአራት ምት ውስጥ አንደኛውና ሦስተኛው ላይ ብቻ ይሁን፤ አንዴ የኮርዱን ሥር፣ አንዴ አምስተኛውን። ኮርድ ሲቀየር ብቻ ሁለት ወይም ሦስት የመሸጋገሪያ ኖታ ይፈቀድለታል። ጊታሩ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ቀለል አድርጎ ይምታ። ድራመሩ ዱላውን አስቀምጦ ብረሽ ይያዝ፤ ድምፃዊው አፉን ከከፈተ በኋላ ማስጌጫ የሚባል ነገር የለም። ጊታሩ ጌጥ ካለው ስንኙ አልቆ ትንፋሽ እስኪወሰድ ባለችው ክፍተት ይጨምራት፣ ድምፁ ሲመለስ ይቁም። ብዙ ባንዶች ዘፈኑን የሚገድሉት እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም ሰው ክፍተቱን ባዶ ሆኖ ያየውና ሦስቱም አንድ ላይ ይሞሉታል። የሚፈጥንባችሁም ከዚሁ የተነሳ ነው፣ የተሞላ ክፍተት ያጥራል። በልምምድ ጊዜ ሜትሮኖም ሁለተኛውና አራተኛው ምት ላይ ብቻ እንዲመታ አድርጋችሁ ተለማመዱ።

ድምፃዊው ደግሞ አያንሾካሽክ። ዶን ዊሊያምስ በዝቅታ ይዘፍናል እንጂ በትንፋሽ አይዘፍንም፤ ሙሉ የደረት ድምፅ ነው፣ ቃሉ መጨረሻ ድረስ ይሰማል። ኪ ስትመርጡ የዘፈኑን ዝቅተኛ ኖታ ፈልጉና ድምፃዊው እሱን ያለ ማጉረምረም እስኪያወጣ ድረስ ካፖውን (የጊታሩን ክሮች አንገቱ ላይ የሚጫነውን መቆንጠጫ) ወደ ላይ አሳድጉ። የጂ ኮርዶች ካፖ ሁለተኛ ፍሬት ላይ ሲሆን ኤ ይሆናሉ፣ ሦስተኛው ላይ ቢ ፍላት። ካፖው ከፍሬቱ ብረት ጀርባ ተጠግቶ ይቀመጥ፤ ራቅ ካለ ክሩ ይንጫጫል፣ በጣም ከጠበቀም ቅኝቱ ይሾላል። ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፣ ሪቨርቡን እስከ መዝጋት ዝቅ አድርጉት። የሆቴል አዳራሽ የራሱ ማስተጋባት ይበቃዋል።

ለመጀመር «ቱልሳ ታይም»ን ያዙ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለት ኮርድ ብቻ ነው፤ ኢ ላይ ከሆናችሁ ኢ እና ቢ ሰባት። ኤሪክ ክላፕተንም ተጫውቶታል፤ የእሱ ይበልጥ ሮክ ነው፣ የዶን ደግሞ ዘና ያለ። ሁለቱን አከታትላችሁ ብትሰሙ እነዚያው ሁለት ኮርዶች በምት አመታት ብቻ ምን ያህል እንደሚለያዩ ታገኛላችሁ።

ጥያቄ፦ «ዩር ማይ ቤስት ፍሬንድ»ን በአማርኛ ግጥም አድርጌ ላስቀርጽ አስቤያለሁ። ዜማው የቆየ ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልግም ይሉኛል። (ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ)

መልስ፦ ያስፈልጋል። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መተርጎምን የደራሲው ብቻ መብት አድርጎታል፤ ጥበቃውም ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። የ1975 ዘፈን በዕድሜው ብቻ ነፃ አልወጣም።

ሁለት የተለያዩ መብቶች እንዳሉ ይወቁ። አንዱ የቃሉና የዜማው ነው፤ እሱ የደራሲውና የአሳታሚው ነው እንጂ የዶን ዊሊያምስ ቤተሰብ አይደለም። ሌላው የቀረጻው ነው። እርስዎ ሙዚቀኛ ይዘው ከአዲስ ካስቀረጹ ሁለተኛው አይነካዎትም። የቀረጻውን ሙዚቃ ወይም ከኢንተርኔት ያወረዱትን ካራኦኬ ከተጠቀሙ ግን የእሱም ባለቤት አለው። አሳታሚውን ለማግኘት አስካፕና ቢኤምአይ የሚባሉት የአሜሪካ ማኅበራት ለማንም ክፍት የሆነ የዘፈን መፈለጊያ አላቸው። ሲፈልጉ በርዕሱ ብቻ አይሂዱ፤ በዚያው በ1975 ክዊን የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ ተመሳሳይ ርዕስ ያለው ፍጹም ሌላ ዘፈን አውጥቷል። ዌይላንድ ሆሊፊልድ የሚለውን የደራሲ ስም አብረው ያስገቡ። ለአሳታሚው የሚልኩት ደብዳቤ የአማርኛውን ግጥም፣ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰውን፣ ቀረጻው የት እንደሚወጣና በምን ያህል ቅጂ እንደሚሠራጭ ይያዝ። የተመለሰው ትርጉም ከሌለ መልስ አይጠብቁ፤ ምን እንደሚፈቅዱ ማንበብ አለባቸው። ፈቃዱ ሳይመጣ ስቱዲዮ አይከራዩ። ያለ ፈቃድ ከጫኑት የቪዲዮ ድረ ገጾች ዜማውን በራሳቸው ለይተው ገቢውን ለባለመብቱ ሊያዞሩት ወይም ሊያወርዱት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ በየቦታው የተለቃቀመ እንጂ ሙሉ አልበሙን ሰምቼ አላውቅም። ከየትኛው ልጀምር? አፍሪካ መጥቶስ ያውቃል? (ከስታዲየም)

መልስ፦ በ1973 በወጣው «ቮልዩም ዋን» ይጀምሩ። «አማንዳ»፣ «ካም ኧርሊ ሞርኒንግ» እና «ዘ ሼልተር ኦፍ ዮር አይስ» ሦስቱም እዚያ ላይ ናቸው፤ ያዘጋጀው አለን ሬይኖልድስ ነው። ከዚያ «ኤክስፕሬሽንስ» (1978)፣ «ፖርትሬት» (1979)፣ «አይ ቢሊቭ ኢን ዩ» (1980) በተከታታይ። ዶን በ1978 የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱ ምርጥ ወንድ ድምፃዊ የተባለውም በዚህ ዘመን መጀመሪያ ነው። ከኋለኞቹ «ኤንድ ሶ ኢት ጎዝ» (2012) ደህና ነው፤ ዕድሜ ድምፁን አቅጥኖታል፣ አዘፋፈኑ ግን ያው ነው። ምርጥ ስብስብ የሚባሉትን ሲገዙ በየዘፈኑ ጎን «ላይቭ» የሚል መኖሩን ይዩ፤ የመድረክ ቅጂ ከሆነ የሚያውቁት ቀረጻ አይደለም።

አፍሪካ መጥቷል። በ1997 ዚምባብዌ፣ ሐራሬ ላይ ያቀረበው ዝግጅት ተቀርጾ «ኢንቱ አፍሪካ» በሚል ወጥቷል። በ2010 የካንትሪ ሙዚቃ የክብር አዳራሽ ውስጥ ስሙ ሰፈረ፤ በ2016 መድረክ አቆመ፤ እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 2017 አላባማ ውስጥ በ78 ዓመቱ አረፈ። የሐራሬውን ካገኙ ድምፁን ብቻ ሳይሆን ሕዝቡንም ይስሙ፤ በየዘፈኑ ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምሮ አብሮት ይዘፍናል።